ኤፍ አምስትን ስጫን ሁሉ ነገር ይጠፋል

ጥር 6

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናሽ ከልብሽ፣ ሥራሽ ከእጅሽ ይስማማልሽ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። አክስትሽም ጉልበቷን እያሻሸች፣ እኔን እየተቆጣች ደህና ናት። ከእናትሽ ለቅሶ ወዲህ ስልክ አላነሳም ብለሽ ዘግተሽብናል፤ እሺ፣ እንግዲህ በኢሜይል ደብዳቤ እንጨቃጨቅ።

ሰላምታው ካለቀ ወደ ነገሬ ልግባ፣ ቆሽቴ አርሯል። አንቺ ተማሪ ሳለሽ ከመለዋወጫ ሱቃችን ጓዳ ተቀምጠሽ የሠራሽልን ፕሮግራም፣ በአንዲት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይሥራ እንጂ ክፉ አላየሁበትም ነበር። ባለሱቁ አልጋ ከያዘ ወዲህ ሥራውን የተረከበው ልጁ፣ እኛ ‘ወራሽ’ የምንለው፣ ሁለተኛ ሱቅ ከፈተና ሁለቱም ሱቆች አንድ መጋዘን ይዩ ብሎ በኢንተርኔት የሚሠራ እንድታደርጊው አዘዘሽ። እሱ አዘዘ፣ አንቺ እሺ አልሽ፣ እኔን የጠየቀኝ የለም።

ትናንት አንድ ጋራዥ ያለው ደንበኛ መጣና የሚፈልገውን ዘረገፈው፤ ኩሽኔታ፣ ቺንግያ፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ምኑ ቅጡ። ሁሉንም ለቅሜ ጻፍኩና እንደ ወትሮው ለማስቀመጥ ኤፍ አምስትን ተጫንኩ። ድምጥማጡ ጠፋ። ሰውየው ደግሞ ዘረዘረልኝ፣ እኔም ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ ኤፍ አምስትን ተጫንኩ። ጣቴ እኮ ነው፣ ምን ላድርገው። ዕድሜውን ሙሉ ኤፍ አምስት ማለት ‘አስቀምጥ’ ማለት ነው ብሎ የኖረ ጣት በአንድ ቀን አይመከርም። ደንበኛው በወረቀት ቢጽፉልኝስ አለኝ። ወራሽ ከኋላዬ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስልሽ። ወራሽ ቁርጤን ነግሮኛል። የዓመቱ ቆጠራ እስኪደርስ ከአዲሱ ፕሮግራም ጋር ካልተግባባሁ ከባንኮኒው ተነስቼ ኋላ መጋዘን ካርቶን እቆጥራለሁ፣ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። እዚያ መጋዘን መስኮት የለም፣ ሰው አይመጣም፣ ጨዋታ የለም። እኔ ያለ ሰው ጨዋታ እንዴት እንደምሆን ታውቂያለሽ። እባክሽ ቶሎ በይልኝ።

አጎትሽ

ጥር 9

ለማከብርዎ አጎቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ለእትዬም ጉልበታቸውን ምሕረት ያውርድላቸው። እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራ ብቻ ወጥሮኛል። የክፍሌ ማሞቂያ ተበላሽቶ ካፖርቴን እንደለበስኩ ነው የምጽፍልዎ። የስልኩን ነገር ግን ይተዉልኝ። ደውዬ እዚያ ቤት ሰው ሲያነሳ፣ ያነሳው ሰው እናቴ አለመሆኗ ነው ቀድሞ የሚሰማኝ።

በኤፍ አምስት እርስዎ ምንም አላጠፉም። የድሮው ፕሮግራም ራሱን የቻለ ቤት ነበረው፣ ቁልፎቹ ሁሉ የእኛ ነበሩ። አሁን ብራውዘር ውስጥ ተከራይ ነን። ብራውዘሩ ደግሞ ኤፍ አምስት ማለት ገጹን እንደ አዲስ ክፈት ማለት ነው ብሎ ነው የሚያውቀው፤ እንደ አዲስ ሲከፍተው ያልተቀመጠው ሁሉ ይሄዳል። ቁልፉን ከእጁ መንጠቅ ይቻላል፣ ግን ተራውን ይጠብቅ። እስከዚያው ከታች በስተቀኝ ያለችውን አረንጓዴ ‘አስቀምጥ’ በማውስ ይጫኗት። ፊት ለፊትዎ ናት፣ አታመልጥዎትም።

ደግሞ እኔ አስተካከልኩ ብዬዎት እርስዎ ጋ ካልተለወጠ፣ ብራውዘሩ የትናንቱን ገጽ ደብቆ ይዞ ነው። ኮንትሮልን ይዘው ኤፍ አምስትን ሲጫኑ ይለቀዋል። አዎ፣ እሱኑ ኤፍ አምስትን፤ ይሳቁብኝ።

አይጨነቁ። ከዚያ ወንበር ማንም አያነሳዎትም።

የእህትዎ ልጅ

ጥር 17

ልጄ፣

ማሞቂያሽን ይጠግንልሽ፣ ወገብሽን ከብርድ ይሰውርልሽ። አክስትሽ ካልሲ ልላክላት ወይ እያለች ነው።

የዘገየሁት ያቺን አረንጓዴሽን ስፈልግ ነው። ፊት ለፊትዎ ናት ትዪኛለሽ። ያቺ ማውስ የምትሏት ነገር ቀስቷን ይዛ የት እንደምትገባ ሳልደርስባት ደንበኛው ተሰላችቶ ይወጣል። ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ልልሽ ነበር፣ ተውኩት።

ሌላም አለ። ዕቃ ላወርድ ወደ መደርደሪያው ሄጄ፣ ከሰው ጋር ሁለት ቃል ተጫውቼ ስመለስ ፕሮግራምሽ አስወጥቶኝ ይቆየኛል፤ እንደገና የይለፍ ቃል። ደረሰኝ ሳትም ድሮ ወዲያው ጭርር ብላ የምትወጣው ጠባብ ወረቀት አሁን ቀርታ፣ በየትኛው ፕሪንተር፣ ስንት ገጽ እያለ ይጠይቀኛል አሉ። ይባስ ብሎ የቀረችንን አንዲት ኩሽኔታ እኔ እዚህ ስሸጥ፣ ያኛው ሱቅ ያለው ሻጭም በዚያችው ደቂቃ ሸጣት። አንዲት ኩሽኔታ ሁለት ባል አገባች። ሁለቱም ባሎች የመጡት ደግሞ እኔ ላይ ነው።

ወራሽ እንዳይቀርበት ለሁለቱም ሱቅ አዲስ ኪቦርድ ገዛና የኔን አሮጌ አውጥቶ ጣለው። ያኛው ላይ ጣቴ የሚያውቃት ጉብታ ነበረች፣ ሙጫ ጠብ አድርጌ የሠራኋት። ይኼኛው እንደ ሰሌዳ ልሙጥ ነው፣ መጀመሪያው ከመጨረሻው አይለይም።

እንዲያው በሞቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ሁሉን በቁልፍ አድርጊልኝ፣ እንደ ድሮው። እጄን ከኪቦርዱ አታስነሺብኝ። ሌላው ሁሉ ይቆይ።

አጎትሽ

ጥር 20

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ካልሲው ይቅርብኝ፣ ማሞቂያው ተሠርቷል፤ አሁን ደግሞ በሙቀት ልንሞት ነው።

ሌላው ሁሉ ይቆይ አሉኝ፣ እኔ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ጨረስኩልዎ። ወደ መደርደሪያ ሲሄዱ አያስወጣዎትም፤ ቀኑን ሙሉ ይጠብቅዎታል። ሲመለሱ የጀመሩት ጽሑፍም እንደነበረ ይቆያል። ደረሰኙ ሳይጠይቅ እንዲታተም አድርጌያለሁ። ብራውዘር በራሱ ፕሪንተር አያዝም፣ ስለዚህ ኮምፒውተርዎ ላይ መልእክቱን ተቀብላ ለፕሪንተሩ የምታደርስ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አስቀምጫለሁ። የኩሽኔታዋም ትዳር ተስተካክሏል። አንደኛው ሱቅ ከያዛት ሌላው ሊሸጣት ሲል ተይዛለች ይለዋል።

የቁልፎቹ ነገር ግን ብዙ ሥራ አለው፣ ከቆጠራው በኋላ እናደርሰዋለን። እስከዚያ ከማውሷ ጋር ይታረቁ እንጂ። ሕፃን ልጅ ይችላታል እኮ። ካስቸገረዎት ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝና የቱ ጋ እንደጠፋብዎት እነግርዎታለሁ።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 3

ለእህቴ ልጅ፣

ደህና ነሽ ወይ። እኛም ደህና ነን። ፎቶ ያልሽውን አልላክሁም፣ ጊዜ አጣሁ።

ጉድ ፈልቷል። ባለፈው ሳምንት ለአስመጪው ዕቃ አዝዤ ነበር። ሁለት ካርቶን ኩሽኔታ አዘዝኩ፣ ዛሬ ሁለት ካርቶን የውሃ ፓምፕ ጓርኒሲዮን መጣልኝ። አስመጪው የተጻፈልኝን ነው የላክሁት ይላል። ወራሽ ማን ነው የጻፈው ብሎ በሰው ፊት ጠየቀኝ። እኔ ኩሽኔታ ነው የጻፍኩት፣ እጄ ያውቃል። ቆጠራው እየደረሰ ነው፣ እሱም መጋዘኑን ማስጠረግ ጀምሯል። ለማን እንደሚያስጠርገው አልነገረኝም። እስቲ አንቺ ከዚያ ሆነሽ እይው። ቆይ፣ ደንበኛ መጣ፣ አስተናግጄው ልመለስ።

ርትር ኡኦጅም ድር;ስ, ኦጅምር; ድኡስኡ፣ ርጅኦም ;ስ,ድ ኡርትር

ኡኦጅ ርም፣ ስድ,ት ኡርድ፣ ኦትጅ, ስርድ

የካቲት 4

ለአጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎና ለእትዬ ይሁን። ዛሬ ብዙ አልጫወትም፣ ልቤ አላረፈም።

ደብዳቤዎ ከመሃሉ ጀምሮ ፊደሉ ተበላሽቶ መጣ። መጀመሪያ ያልኩት፣ ይኼማ የታወቀ በሽታ ነው። የድሮ ፕሮግራም ወደ ድረ ገጽ ሲዛወር ፊደል ይተረማመሳል፤ አንዱ የጻፈበትን ሌላው በራሱ መንገድ ሲያነበው እንዲህ ይወጣል። ደስ አለኝ ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም የማውቀው ነገር ነው። ገበታዬ ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ፕሮግራሙ ያለበትን ሰርቨር ስጎረጉር ዋልኩ። ፊደሉ ደህና ነው። ምንም የለውም።

ከዚያ ያንን የተተረማመሰ መስመር ዝም ብዬ አየሁት። ሥርዓት አለው። እያንዳንዱ ፊደል በስተቀኙ ባለው ቁልፍ ተተክቷል። አንድ በአንድ መለስኩት፣ የጻፉልኝ ወጣ፤ ‘እረ ይህን ሰላም’ ብሎ ይጀምራል። ቀጥዬ የአስመጪውን ትዕዛዝ ከፈትኩ። ኩሽኔታው በእኛ መዝገብ 6312 ነው፤ የተጻፈው 7423 ነው። እሱም አንድ አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ። በዚያ ሳምንት ሌላም እንዲሁ የተጻፈ አገኘሁ።

እጅን አንድ ቁልፍ አሳስቶ ማሳረፍ በማንም ላይ ይደርሳል። እኔም ላይ ደርሷል። ግን ሰው አንድ ቃል ጽፎ ቀና ሲል ያየዋል። እርስዎ ተመልሰው ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ጻፉልኝና ላኩልኝ።

ከዚያ ሁሉም መጣብኝ። አረንጓዴዋ። ማውሷ። ፎቶው። ‘ይጠይቀኛል አሉ’ ያሉት። ጉብታዋ።

አጎቴ፣ ስክሪኑ ይታይዎታል? ይህን ደብዳቤስ የሚያነብልዎ ማን ነው?

የካቲት 16

ለእህቴ ልጅ፣

የምታነብልኝ አክስትሽ ናት። የመጨረሻው ጥያቄሽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ዝለይው አልኳት፣ አልዘለለችም። እኔም ይኸውና እስካሁን ሆድ ይፍጀው ብዬ ቆየሁ።

መሃሉ የለም። ዳር ዳሩ ነው የቀረኝ። ሰው ወደ ባንኮኒው ሲመጣ ትከሻውንና ጫማውን አያለሁ፣ ፊቱ ያለበት ቦታ ጭጋግ ነው። ሐኪሙ ያለውን እንጠብቅልህ እንጂ የሄደው አይመለስም ብሎኛል። ከጀመረኝ ዓመት አልፎታል። ሰው በድምፁ ይታወቃል፣ ዕቃ በእጅ ይታወቃል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ በጣቴ ውስጥ ነበር። ስክሪን ለምኔ ነው። ታስታውሺ እንደሆነ ድሮ ቆጠራ ሲደርስ እናትሽ መሰላሉ ላይ ወጥታ ቁጥሩን ትጠራልኝ ነበር፤ እኔ ቀና ሳልል እጽፍ ነበር። ያኔም እኮ አላይም ነበር። ማንም ታዝቦኝ አያውቅም።

አሁን ተማጸንኩሽ። ለወራሽ አንድ መስመር ጻፊለት። የጓርኒሲዮኑ ስህተት የፕሮግራሙ ነው፣ ፊደልና ቁጥር ሲዛወር ተበላሽቶ ነው በይው። አንቺ ምን ትሆኛለሽ? ሩቅ ነሽ፣ ማንም ከወንበርሽ አያስነሳሽም። እኔ ቆጠራውን እስካልፍ ብቻ ነው።

በእናትሽ ይዤሻለሁ።

አጎትሽ

የካቲት 18

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ዓይንዎን ለማያልቅበት ሰጥቻለሁ። አልቅሼ ነው የምጽፍልዎ፣ ግን እያለቀስኩም እምቢ እላለሁ።

እንደዚያ ብዬ አልጽፍለትም። ብጽፍለት ምን እንደሚያደርግ ልንገርዎ? የኔን ፕሮግራም አውጥቶ ይጥልና የሌላ ሰው ይገዛል። ያን ጊዜ እርስዎን በማያውቅ ሰው ፕሮግራም ፊት ይቀመጣሉ፣ ጣትዎም የሚያውቀው አንድ ቁልፍ አይኖርም። ደግሞስ ጓርኒሲዮን ነው ብለን እንለፈው፤ የፍሬን ዕቃ ቢሆንስ ኖሮ? በእናቴ አይያዙኝ። እሷ ብትሆን ምን እንደምትልዎ እኔም እርስዎም እናውቃለን።

አሁን ያደረግሁትን ይስሙ። ሌላ ሥራዬን ሁሉ አቁሜ ቁልፎቹን መለስኩ። ኤፍ አምስት ‘አስቀምጥ’ ነው፣ ብራውዘሩ ወደደም ጠላም። ማውሷን መሳቢያ ውስጥ ይክተቷት። ኪቦርዱ ላይ ሙጫዎን እንደ ድሮው ጠብ ያድርጉ። ከዚህ በላይ ደግሞ እያንዳንዱን ቁጥር ሲነኩ ፕሮግራሙ ጮክ ብሎ ይጠራልዎታል፣ ሲያስቀምጡ የዕቃውን ስም ይነግርዎታል። ስድስት ብለው ሰባት ከተሰማዎት እዚያው ይይዙታል። የማሽን ድምፅ ሞከርኩ፣ አማርኛው አንጀት ያቃጥላል። ስለዚህ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ገብቼ፣ ልብስ መሃል ተቀምጬ፣ በራሴ ድምፅ ቀዳሁት። ጎረቤቴ አብዳለች ብላለች መሰለኝ።

ግን ድምፁን አልከፍተውም። ለወራሽ ራስዎ ነግረውት ‘ነገርኩት’ ብለው የጻፉልኝ ዕለት እከፍተዋለሁ። ደብቀው እንዲቀመጡ አላግዝዎትም፣ እንዲቀመጡ ነው የማግዝዎት። ተቀየሙኝም አልተቀየሙኝም።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 1

አጎቴ፣

ሰላምታውን ሌላ ቀን እሞላዋለሁ። ለምን አይመልሱልኝም?

ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ሰርቨሩን ሆኗል። ያኛው ሱቅ ይሸጣል፣ ይገዛል። ከእርስዎ ባንኮኒ ግን ከትናንት በስቲያ ወዲህ የገባ ነገር የለም። አንድ ቁጥር እንኳን። ታመው ነው? መጋዘን ገብተው ነው? ወይስ እልህ ነው? ስልኩን ሁለቴ አንስቼ አስቀመጥኩት። እልህ ከሆነ ልቻለው፣ ብቻ አንድ ቁልፍ ይንኩልኝና ልወቅ።

መጋቢት 8

ለእህቴ ልጅ፣ ለእልኸኛዋ፣

ዕድሜሽን እንደ እልህሽ ያርዝመው። አልታመምኩም። አንዲት ቃል ብቻ ጽፌ ልኬልሽ እንደ ነበር ታውቂያለሽ፣ ‘ነገርኩት’ ብዬ፤ ሌላውን ለመጻፍ ግን እስከ ዛሬ እጄ አልታዘዘልኝም። ያን ሰሞን ከሰርቨርሽ የጠፋሁት ኮምፒውተሩን ዘግቼ በወረቀት ስሸጥ ነው። ተቀይሜሻለሁ። በጣም ነው የተቀየምኩሽ። አክስትሽ ብትቀየምም ልጅቷ ልክ ናት ብላ ምሳዬን ያለ ወግ አስቀምጣልኝ ስትሄድ ሰነበተች።

ከቆጠራው በፊት ባለው ቀን ሱቁ ገና ሳይከፈት ወራሽን ጠራሁት። “ስክሪኑ አይታየኝም። ጓርኒሲዮኑን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ የልጅቷ ፕሮግራም አይደለም” አልኩት። ፊቱን አላየሁም፣ ጫማው ግን አልተንቀሳቀሰም። “እኔ እኮ ፕሮግራሙን ጠልተው፣ ሆን ብለው እያበላሹብኝ ነበር የመሰለኝ” አለኝ። ለካ እሱም የራሱን ሆድ ይፍጀው ይዞ ኖሯል። መጋዘኑን የሚያስጠርገው ለኔ እንደነበረም አልካደም። ቆጠራውን ይሞክሩ፣ ካልገጠመ ግን ከእንግዲህ አልችልም አለ። እሺ አልኩት። ይኼው ነው። ስንት ጊዜ እንቅልፍ ያሳጣኝ ነገር ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

በማግስቱ ሙጫዬን ጠብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ለቆጠራው የመጣው የዚያኛው ሱቅ ሻጭ መሰላል ላይ ወጥቶ ይጠራልኛል። ‘ሰባት’ ብሎ ጀመረ። ሰባትን ነካሁ።

‘ሰባት’ አለ ኮምፒውተሩ።

ልጄ፣ አንቺ ነሽ ብለሽኝ ነበር። አንቺ አልነበርሽም። መጨረሻዋን ረገጥ አድርጋ፣ ቀጥሎ ምን ይጠበሳል እንደምትል ዓይነት፣ እናትሽ ነበረች። አክስትሽ ምሳ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር፤ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ግድግዳውን ይዛ ቆመች። እኔ ደግሞ ‘ሰባት’ን እንደገና ነካኋት። ከዚያም እንደገና። ሻጩ ከላይ ሆኖ ምነው ጋሼ፣ አንድ ሰባት ነው ያልኩት አለኝ። ትርፎቹን መልሼ ያጠፋኋቸው ሳልወድ ነው።

ቆጠራው ገጠመ። ወራሽ ራሱ መጥቶ የተወሰነ መደርደሪያ አብሮኝ ፈተሸ። ወንበሬ ላይ ነኝ። የፍሬን ዕቃ ብቻ ከኔ በኋላ ሌላ ዓይን አይቶት ይወጣል፤ ተገቢ ነው፣ አላኮረፍኩም። ድምፁን ትንሽ ቀንሰው አለኝ፣ ደንበኛ ሲደራደር ‘ዘጠኝ ዘጠኝ’ እያልሽ ዋጋ ታስወድጂበታለሽ። ደንበኞቹ ይቺ ሴትዮ ማን ናት እያሉ ይጠይቁኛል። የእህቴ ልጅ ናት፣ ሥራ ጀምራለች እላቸዋለሁ።

አንድ ችግር ብቻ አለብኝ፣ ይኼንንም እንደ ሌላው ብታስተካክዪልኝ። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የበሩን ቁልፍ በእጄ ይዤ ቁጭ እላለሁ፤ የሚሸጥ ነገር ሳይኖር ቁጥር እነካለሁ። ስድስት። ሦስት። አንድ። ሁለት። አክስትሽም ወንበር ስባ ከጎኔ ትቀመጣለች። ግን የላክሽልን ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያለውንና የዕቃውን ስም ነው። ስንሰማው ስንሰማው አለቀብን።

የቀረውን ደውለሽ ንገሪን።

አጎትሽ